የመምህር ቀነኣ የመሬት ሽቦ

መምህር ቀነኣ መሞቱን የሰማሁት ከጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሰውየው ከኪራሙ በኩል በቆሎ ጭኖ መጥቶ ነቀምቴ ገበያ ዳር ሲያራግፍ አገኘሁትና እንደ ልማዴ «ያ አስተማሪ ደህና ነው?» አልኩት።

«የትኛው? ባለ ሽቦው?» አለኝ። «እሱማ አረፈ እኮ። ወባ ነው። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶብን ነው እንጂ ከተቀበረ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ለእህቱም የነገርኳት ዛሬ ጠዋት ነው።»

ይህን ብሎ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረና ጩኸቱን ቀጠለ።

እኔ ማዘን ሲገባኝ ተናደድኩ። በዝናቡ ተናደድኩ፣ በመንገዱ ተናደድኩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ በሚጮኸው ሾፌር ተናደድኩ፤ ከሁሉ በላይ ግን በራሴ። ለዚያ ሰው የገባሁት አንድ ቃል ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ ከዓመት በላይ አቆይቼዋለሁ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ ከሰላሌ መጥቼ ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጽሕፈት መኪና መቺነት ተቀጥሬ ነበር። ቀነኣ የሳይንስ መምህር ነው። የጉቴ ገበሬ ልጅ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ፣ አዲስ አበባ ወርዶ የቴክኒክ ሙያ ቀስሞ ወደ አገሩ የተመለሰ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ቃሉን አንድ በአንድ እንደ እንቁላል የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። እኔ ከተከራየሁት ቤት አጥር ለአጥር፣ ባሏ ከሞተባት ታላቅ እህቱ ከአዴ ፊጤ ጋር ይኖር ነበር። «አዴ» እነሱ ዘንድ እንደኛ «ወይዘሮ» ነው።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። አመሻሽ ላይ የከተማው ሞተር ተነስቶ መብራት ሲመጣ እኔ ሬዲዮዬን ከፍቼ ዜና እሰማለሁ። ሦስት ቀን በተከታታይ ዜናው ሊጀመር ሲል ሬዲዮው ውስጥ የንብ መንጋ የገባ ይመስል ይንጫጫብኝ ጀመር። በአራተኛው ቀን ጩኸቱ ከማን ግቢ እንደሚመጣ ስለገባኝ በቁጣ ሄድኩ።

«ደህና መጣህ፣ ያ ዘውዴ» አለኝ፣ ሲጠብቀኝ እንደቆየ ሁሉ፤ «ያ» በእነሱ ቋንቋ ሰውን ሲጠሩ የሚያስቀድሙት ነው። «እዚያ ቁም። ገመዱን አትለፍ።»

ግቢው መሀል፣ ከቤቱም ከሣር ክዳኑ ማድ ቤትም ራቅ አድርጎ፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ነገር ተክሏል። ፀጉር የሚያህል ቀጭን ሽቦ ከሺህ ዙር በላይ የተጠመጠመበት ቀጥ ያለ የወረቀት ቱቦ ነው፤ ጣቃ የሚጠቀለልበትን ከአንድ ነጋዴ ለምኖ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ የሠራው። እግሩ ሥር ወፍራም ሽቦ ዞሮታል። ከአጠገቡ የጨው ውኃ የተሞሉ የቢራ ጠርሙሶች በሳጥን ተደርድረዋል፤ ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅሙት እነሱ ናቸው። አዲስ አበባ ከተነቀለ የሱቅ ማስታወቂያ መብራት ያመጣው ትራንስፎርመርም አለ። «ቴስላ ኮይል ይባላል» አለኝ። ሰፈሩ ግን «የቀነኣ መብረቅ» ነበር የሚለው።

እኔ ስለ ሬዲዮዬ ልናገር አፌን ስከፍት እሱ ሕጉን ጀመረ። ማሽኑ ሲሠራ አንድ እጅ ከኋላ መታጠፍ አለበት፤ ሁለት እጅ ያስገባ ሰው ልቡን በመሀል አሳልፎ ይሰጣል። ዝናብ ያካፋ እንደሆነ አይነካም። ላምባ፣ ክብሪት፣ ደረቅ ሣር አጠገቡ አይደርስም። ብልጭታው አይነዝርም ብሎ ጣት የሚሰድ ሞኝ ነው፤ ሳይነዝር ያቃጥላል። ካጠፉት በኋላም ጠርሙሶቹ ሳይራገፉ ማንም አይነካቸውም። ለማራገፊያ ጫፉ ላይ ሽቦ የታሰረበት ረጅም ቀርከሃ አለው፤ የሽቦው ሌላ ጫፍ መሬት ገብቷል። ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ እጁን ወደ ማብሪያው ሲሰድ የከተማው ሞተር እንደ ልማዱ ተበላሸና መብራቱ ድርግም አለ።

«ነገ ና» አለኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ሕጉን ከመጀመሪያው ጀመረልኝ።

«ትናንት ነግረኸኛል እኮ!»

«ነግሬሃለሁ። አሁን አንተ ንገረኝ።»

አንዱን ረሳሁ። እንደገና አስጀመረኝ። በሦስተኛው ቀን ነው ያየሁት፤ ከቱቦው ራስ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ መብረቅ እንደ ዛፍ ሥር እየተበታተነ አየሩን ሲልሰው። ግቢውን ሰማይ ሲጮኽ የሚሸተው ዓይነት ሽታ ሞላው። ስለ ሬዲዮዬ መናገሩ ጠፋኝ።

ከሁሉ የሚያሰለቸኝ ግን የመሬቱ ነገር ነበር። ከጥቅልሉ እግር የሚነሳው ሽቦ የግድ ለብቻው መሬት መግባት አለበት ይላል። ለዚሁ ብሎ ጓሮው ውስጥ ከሙዙ ሥር፣ የእጣቢ ውኃ በሚፈስበት እርጥብ ቦታ፣ ከሆስፒታል ውድቅዳቂ ለምኖ ያገኘውን የመዳብ ቧንቧ ከሰው ቁመት በላይ አጥልቆ ቀብሮታል። በበጋ በየጠዋቱ የጨው ውኃ ያጠጣዋል። አዴ ፊጤ በዚህ በዚህ አንጀቷ እርር ይላል።

«ያ ቀነኣ! ጨው ለከብት ነው እንጂ ለመሬት ይሰጣል? የሰው መሳቂያ አደረግኸን!»

«መሬቱ ካልጠጣ እሳቱ እኛን ይጠጣናል፣ ኦቦሌቲ» ይላታል። እህቴ ማለቱ ነው።

አንድ ቀን እኔም ሰልችቶኝ «ቤቱ ቆርቆሮ አይደለም እንዴ? ለምን ጣሪያው ላይ አታስረውም?» አልኩት።

«ጣሪያው መሬት ነው?»

«ብረት ነው።»

«ብረት ነው፤ መሬት ግን አይደለም። ኤሌክትሪኩ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል? መንገድ ያላበጀህለት እንግዳ በጓሮ ይገባል። በመስኮትህ ብረት ይገባል፤ በአዴ ፊጤ እጅ ይገባል።»

ይህን ነገር በጆሮዬ እንደሰማሁ ልብ በሉልኝ።

ጥንቃቄው ከየት እንደመጣ የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም ነበር። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳሉ አብሮ አደግ ጓደኛው እንዲህ ያለ ማሽን አጥፍቶ ሊያነሳው ሲነካው እዚያው ቀርቷል። ቀነኣ ሊያላቅቀው ሲስበው ጣቶቹ ተቃጠሉ። «ካጠፋው በኋላ ነው የሞተው» አለኝ። «ጠፍቷል ብሎ ነው።» ከዚያ ወዲያ ስለ ልጁ አላነሳም።

ዝናው ዳይሬክተራችን ጆሮ ገባ። በየካቲት የወላጆች ቀን ይከበራል፤ የአውራጃው ገዥ ይመጣሉ። ዳይሬክተሩ ቀነኣን ቢሮ አስጠራው። እኔ ጥግ ይዤ ጽሕፈት መኪናዬ ላይ ነበርኩ።

«መብረቅህን አዳራሽ ታሳይልናለህ» አለው።

«አዳራሹ ኮረብታ ላይ ነው፤ ሥሩ አለት ነው። አፈሩም በየካቲት አመድ ነው። መሬት አይዝልኝም። እታች ምንጩ አጠገብ፣ ሜዳው ላይ ይሁን፤ በደስታ አሳያለሁ።»

«ገዥውን ረግረግ ላይ ላስቀምጣቸው?»

«እንግዲያስ ይቅር።»

ዳይሬክተሩ ከዚያ በፊት «ይቅር» ያለው መምህር አልነበረም። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ።

ማታውኑ በአጥር ላይ ለመንኩት። «ምን አለበት ለአንድ ቀን ብታሳይላቸው? ሰውየው ቂም ይይዝብሃል።»

«ሰው ለመግደል አንድ ቀን በቂ ነው» አለኝ።

ግትርነቱ አንገበገበኝ። ለራሱ እንኳ የማያዝን ሰው አልኩ። በዓሉ ቅዳሜ ሊሆን ዓርብ ዕለት፣ የታመመ አጎቱን ሊጠይቅ ጉቴ ሄደ። ሲሄድ ከማሽኑ ላይ ብልጭታው የሚዘልባቸውን ሁለት የነሐስ ድብልብሎች ፈትቶ ኪሱ ከቶ ነበር። ያለ እነሱ አይሠራም።

ዳይሬክተሩ ግን ዕቃው ለትምህርት አገልግሎት እንዲመጣ ትእዛዝ አስመታኝ። መታሁ። ማኅተም ተደረገበት። አዴ ፊጤ አማርኛ አታነብም፤ ማኅተሙን አይታ ዕቃውን ለቀቀች። ዕቃውን ከዘበኛው ጋር ተሸክሞ ያመጣው የእጅ ሥራ መምህሩ ታደሰ ነው። ታደሰ ጎጃሜ ነው፤ ደግ፣ ቀልደኛ፣ እጁ የማይፈታው ነገር የሌለ። ነሐሶቹ መጉደላቸውን ሲያይ ሳቀና ሁለት የበር እጀታ አስገባ። ሠራ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ሞተር ተነሳ። አዳራሹ ሞልቷል። ባንዲራና ባለ ቀለም ወረቀት በየመስኮቱ ተሰቅሏል። ታደሰ የመሬቱን ሽቦ ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ በመስኮት ወጣና የጣሪያው አሸንዳ ላይ አሰረው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አየሁት። ቀነኣ ያለኝ ቃል በቃል ትዝ አለኝ። ዝም አልኩ። አሁን ሳስበው ሦስት ምክንያት እደረድራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አንድ ብቻ ነበር፦ ቀነኣ ላይ ተናድጄ ነበር። ያለው ሁሉ እውነት አለመሆኑ ይታያል፣ ያን ሁሉ ጨው በከንቱ ነበር ያጠጣው ይባላል፣ ብዬ ተመኘሁ።

መብረቁ ወጣ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ገዥው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ወዲያው አሸንዳው መንጣጣት ጀመረ። ብልጭታው ከአሸንዳው ወደ መስኮቱ ብረት ዘለለ፤ ብረቱን ተደግፋ የቆመች የአንድ ተማሪ እናት ክንዷን ይዛ ጮኸች። የመስኮቱ ወረቀት ተያያዘ። ሰው እየተገፋፋ ወደ በር ፈሰሰ። ታደሰ ዘልሎ ማብሪያውን አጠፋውና ማሽኑን ከእሳቱ ለማራቅ የጠርሙሶቹን ሳጥን በሁለት እጁ ጨበጠ። እንደ ተቆረጠ ግንድ ወደቀ።

በዚህ መሀል ቀነኣ ሰውን እየገፋ ገባ። ከጉቴ ሲመለስ እህቱ ነግራው ቀርከሃውን እንደያዘ ሲሮጥ ነው የመጣው። መጀመሪያ ወደ ታደሰ አልሄደም። የታደሰ ክንድ ሳጥኑ ላይ ነበር። የቀርከሃውን ሽቦ ጫፍ በጠርሙሶቹ ሥር ካለው ብረት ጋር አያይዞ፣ አንድ እጁን ከኋላው አጥፎ፣ በቀርከሃው ነካቸው። አንዴ ጧ አለ። ደግሞ ነካቸው።

«ሰው እየሞተ በጠርሙስ ይጫወታል!» ብሎ አንድ ሰው ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ነው ታደሰን ጎትቶ በሆዱ ያስተኛው። ጀርባውን ይጫናል፣ ክንዶቹን ወደ ላይ ያነሳል፤ ይጫናል፣ ያነሳል። ዘበኛው እሳቱን አጥፍቶ ጨረሰ፤ እሱ ግን አላቆመም። ዳይሬክተሩ «በቃ፣ ሞቷል» አለ። ቀነኣ ቀና ብሎም አላየው። ላቡ እየተንጠባጠበ ቆይቶ ቆይቶ ታደሰ ሳለ። ቀነኣ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀው፤ ታደሰም ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

ታደሰ ሆስፒታል ሰንብቶ ዳነ። ሴትየዋም ክንዷ ላይ ጠባሳ ቀረባት እንጂ ተረፈች። ጥፋቱ ግን ባለቤት ያስፈልገው ነበር። ዳይሬክተሩ ቃሉን እየነገረኝ መታሁት፦ መምህር ቀነኣ አደገኛ መሣሪያ ያለ ፈቃድ ሠርቷል፤ ዋና ክፍሉን አውጥቶ በመሰወር ለአደጋ አጋልጧል፤ ዱላ ይዞ ወደ አዳራሹ ገብቷል፤ ሰው ወድቆ ሳለ ከመሣሪያው ጋር ሲጫወት ታይቷል። ከሆስፒታል የወጣው ታደሰ በምስክርነት ፈረመበት።

ቀነኣ ተጠርቶ መጣና ወረቀቱን ቀስ ብሎ አነበበው።

«ዱላ አይደለም» አለ መጀመሪያ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ያ ዘውዴ፣ አንድ ነገር ጎድሏል። የመሬቱ ሽቦ አሸንዳው ላይ ታስሮ ነበር። እሱን ጨምርበት። ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት» አለኝ።

«ይህ ዝርዝር ለማንም አይጠቅምም» አለ ዳይሬክተሩ።

«ነገ ሌላ ሰው ያስረዋል እኮ! ለእሱ ይጠቅመዋል!»

ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው። ጣቶቼ መኪናው ላይ ነበሩ። አንድ መስመር ነው፤ ከአንድ ደቂቃ አይፈጅም። ዳይሬክተሩን አየሁት። ወረቀቱን ከመኪናው መዝዤ ሰጠሁት፤ መስመሩ አልተጨመረም። ቀነኣ ያለ ጠብ ፈረመ። በወሩ ወደ ኪራሙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፈተና ወረቀት አድርስ ተብዬ በጭነት መኪና እስከ ጊዳ፣ ከዚያ በበቅሎ ኪራሙ ገባሁ። መብራት የሚባል ነገር በሌለበት አገር ቀነኣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ የመብረቅ መከላከያ ብረት ተክሎ አገኘሁት፤ ሽቦውን እስከ ረግረጉ ድረስ አውርዶ ቀብሮታል። የአገሩ ሰው ከሰማይ ጋር ልትታገል ነው እያለ ይስቅበታል። ጠቁሯል፤ ከስቷል። ሰው የመጣለት መሆኑን ሲያይ ግን ዓይኑ በራ። እህቱን፣ ሙዙን፣ የከተማውን ሞተር ሳይቀር ጠየቀኝ።

እኔ ለዓመታት የያዝኩትን አወጣሁ። «ሽቦው ሲታሰር አይቻለሁ። የነገርከኝንም አስታውሼ ነበር። ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ» አልኩት።

ያዝናል ወይም ያቅፈኛል ብዬ ነበር። ተቆጣ።

«ይቅርታህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ጨርሻለሁ። ታደሰ አሁን ምን ይሠራል?»

«ያስተምራል። በትርፍ ጊዜው ደግሞ በሰው ቤት መብራት ይዘረጋል።»

ከመቀመጫው ተነሳ። «የመሬቱን ሽቦ የት ነው የሚያስረው?»

«አላውቅም።»

«አታውቅም! በየቀኑ ታየዋለህ፣ አታውቅም! ስንት ቤት ዘርግቷል?» እየተንጎራደደ ቆየና ክንዴን ያዘኝ። «ማሎ፣ ወንድሜ። እለምንሃለሁ። ሂድና ጠይቀው። የሚልህን ጻፍልኝ። እንቅልፍ ይነሳኛል።»

እሺ አልኩ። ማልኩለት።

ነቀምቴ ተመለስኩና ታደሰን በየቀኑ እያየሁት አልጠየቅሁትም። እሱን መጠየቅ ማለት ያን ቀን አጠገብህ ቆሜ አይቼ ዝም አልኩ ብሎ መናዘዝ ነው። ዛሬ ስል፣ ክረምቱ ይውጣ ስል፣ ፈተናው ይለፍ ስል ዓመት አለፈ።

ሾፌሩ የነገረኝ ዕለት ግን ከገበያው በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ታደሰ ወርክሾፕ ሄድኩ። መሞቱን ነገርኩት። መጋዙን አስቀምጦ በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩና የተላክሁበትን ጥያቄ ጠየቅሁት።

«ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት ያንኑ ነው» አለኝ። «"ሽቦውን የት አሰርከው?" አለኝ። አሸንዳው ላይ አልኩት። "ዳግም እንዳታደርገው" አለኝ። አላደረግኩም። መብራት በዘረጋሁበት ቤት ሁሉ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ። ጨው አጠጡ ስላቸው አብዷል ይሉኛል።»

እንዴት እንደነደድኩ! ያን ሰው ከዓመት በላይ እንቅልፍ የነሳው ጥያቄ መልሱ እዚህ፣ ከቢሮዬ ሃምሳ እርምጃ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ታዲያ ያን ወረቀት ለምን ፈረምክበት?» ብዬ ጮኽኩበት።

«አንተስ ለምን መታኸው?»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብቼ፣ ታደሰ እየነገረኝ፣ የመሬቱ ሽቦ የት እንደታሰረና ማን እንዳሰረው፣ ማን አይቶ ዝም እንዳለ፣ ቀርከሃው ምን እንደነበረ አንድ ገጽ መታሁ። ሁለታችንም ፈረምንበት። ያ ዳይሬክተር ተዛውሮ ሄዷል፤ አዲሱ አነበበውና «ሰውየው ከሞተ ምን ያደርጋል?» ብሎ መለሰልን። ወረቀቱን ይዘን ወደ አዴ ፊጤ ለቅሶ ሄድን።

በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ ደርቆ። ታደሰ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። «አዴ ፊጤ፣ ስለ ወንድምሽ እውነቱን ጽፈን መጥተናል። ዘውዴ ያንብብልሽ» አላት።

ወረቀቱን አየችው፤ እኛን አየችን።

«ለእኔ? እኔ ሽቦው የት እንደታሰረ መች ጠፋኝ? ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለእሱ ነበር ማንበብ፣ በጆሮው እየሰማ።»

ታደሰ ወረቀቱን አጠፈው፤ የት እንደሚያስገባው ግራ ገባው። ልንመለስ ስንል ከበሩ ፈቀቅ አለችልን።

«ግቡ» አለች። «ለቅሶ የመጣ ሰው በር ላይ አይቆምም።»